ሳያዳሉ ለመምራት ከየት ይጀመራል?

«አዳላለሁ» ብሎ የሚያምን አለቃ አይገኝም። ስለዚህ ራስዎን አይጠይቁ፤ መዝገቡን ይጠይቁ።

ያለፉትን ሦስት ወራት የፈረቃ ሰሌዳ፣ የፈቃድ ፎርምና የትርፍ ሰዓት ዝርዝር ያውጡ። በእያንዳንዱ ሰው ስም አንጻር ይቁጠሩ። የሌሊት ፈረቃ ስንት ጊዜ ደረሰው? በበዓል ቀን ማን ገባ? ሥልጠና ማን ሄደ? እነዚያው ሁለት ሦስት ስሞች ከተደጋገሙ ችግሩ እዚያ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ነገሩ ክፋት አይደለም። እምቢ የማይል ሰው ላይ መጫን ስለሚቀል ነው።

ሠራተኛው ግን ይቆጥራል። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ጆን ስቴሲ አዳምስ እ.ኤ.አ. በ1963 እንደጻፈው፣ ሰው የሚያየው የራሱን ድርሻ ብቻ አይደለም። የለፋውንና ያገኘውን አጠገቡ ካለው ሰው ልፋትና ጥቅም ጋር ያስተያያል።

ቀጥሎ መስፈርት ያውጡ። ለዕድገትም ይሁን ለፈቃድ፣ ስም ከመነሳቱ በፊት ይጻፍ። ሰውየው ከታወቀ በኋላ የወጣ መስፈርት በልኩ የተሰፋ ልብስ ነው። ሁሉንም አንድ ዓይነት ማስተናገድ አለብኝ ብለው ግን አይጨነቁ። የምታጠባ እናት ቀድማ ብትወጣ አድልዎ አይደለም፤ ሌላዋም እናት እንደዚያው የምትወጣ ከሆነ።

ሲከለክሉ ምክንያቱን ይንገሩ። ከመወሰንዎ በፊት ደግሞ ያዳምጡ።

አሁን ወደ ከባዱ፣ ወደ ራስዎ። ካረፈዱ እንደ ማንኛውም ሠራተኛ ይመዝገቡ። ማንም ከማይፈልገው ፈረቃ አንዱን ይውሰዱ። እስኪመሽ ቢሮ መቀመጥን አርአያነት የሚሉት አሉ፤ እኔ አይዋጥልኝም። አለቃው ካልወጣ ማን ደፍሮ ይወጣል? የዓመት ፈቃድዎን ይጠቀሙ፣ ሌሊት መልእክት አይላኩ።

ዋናው ፈተና የሚመጣው የሚቀርብዎት ሰው ሲያጠፋ ነው። በተመሳሳይ ጥፋት ለሌላው የጻፉትን ማስጠንቀቂያ አውጥተው ያንብቡ፣ ለእሱም ያንኑ ይስጡ። «አላዳላም» ለማሰኘት ቅጣቱን ማክበድም ያው አድልዎ ነው።

ከሦስት ወር በኋላ መዝገቡን እንደገና ያውጡ። በዚህኛው ዙር ብቻዎን አይቁጠሩ። የሌሊት ፈረቃ በዝቶበት የነበረው ሰው አጠገብዎ ተቀምጦ ይቁጠር።