ጊዜያዊ አፍሳር፦ ሲሾልክ፣ ሲያፍን፣ ከሁሉም በላይ አልበጠስ ሲል

ጥምቀት ሲቃረብ ስልኬ አያርፍም። ወደ ጃንሜዳ ፈረስ ይዞ የሚመጣው ሰው ይበዛል። ኮርቻውን ያስጌጣል፣ ግላሱን ያሳጥባል፣ ራሱ ላይ የሚጠለቀውን፣ የሚመራበትንና የሚታሰርበትን አፍሳር ግን ይረሳል። ስድስት ኪሎ ሲደርስ ትዝ ይለውና "ወንድሜ፣ ገመድ ቢጤ የለህም?" ይለኛል። ገመድ ቢጤማ ሞልቷል። ጣጣው የሚጀምረው ከዚያ ነው።

እዚህ የምጽፈው ለአንድ ቀን፣ ቢበዛ ለሁለት ቀን ስለሚታሰር አፍሳር ነው። ገመዱ ያልተበላ መሆኑን፣ ዘለበቱ ያልዛገ መሆኑን አይታችኋል ብዬ ልለፈው።

ከጆሮው እየሾለከ ይወልቃል

ልኩ አይደለም። በዓለም አቀፍ ውድድር ደንብ ቁመቱ ከትከሻው ጫፍ እስከ መሬት 148 ሴንቲሜትር ያላለፈ ፈረስ ድንክ ነው። በዚህ ሚዛን የኛ ሀገር ፈረስ አብዛኛው ድንክ ነው፤ ባለቤቱ ቢከፋውም። ከውጭ የሚመጣው አፍሳር ግን ብዙውን ጊዜ ለትልቅ ራስ የተሰፋ ነው። ድንኩ ላይ ይንጠለጠላል። ችግሩ መውለቁ ብቻ አይደለም። ድንኩ ጆሮውን በኋላ እግሩ ሲያክ ኮቴው ይገባበታል። በሦስት እግሩ ቆሞ የሚንቀጠቀጥ ፈረስ ያየ ሰው ሰፊ አፍሳር ሁለተኛ አያስርም። ቀበቶው ላይ ተጨማሪ ቀዳዳ ብሱበት። በጉንጩና በማሰሪያው መሀል ሁለት ጣት ይግባ። ሙሉ እጅ ከገባ ሰፍቷል።

ሲጎተት ያንኮራፋል፣ ራሱን ወደ ላይ ይወረውራል

የአፍንጫው ማሰሪያ ወደ ታች ወርዷል። ፈረስ እንደኛ በአፉ አይተነፍስም፤ ያለው አፍንጫው ብቻ ነው። የአፍንጫው አጥንት ደግሞ ወደ ታች በወረደ ቁጥር እየሳሳ ይሄድና ጫፉ ላይ ለስላሳ ይሆናል። እዚያ ላይ ማሰር ማፈን ነው። ጉንጩ ላይ ጎላ ብሎ የወጣውን አጥንት ዳስሱ። ማሰሪያው ከዚያ አጥንት ሁለት ጣት ያህል ዝቅ ብሎ ይቀመጥ፣ ከዚያ በታች አይውረድ። "ታች ሲሆን ይታዘዛል" የሚሉ አሉ። አንገቱን የታነቀ ሰውም ይታዘዛል።

ጉንጩ ተላጠ፣ ከንፈሩ ወደ አንድ ጎን ተንጋደደ

ቋጠሮው ወይም የብረት ቀለበቱ ጉንጩ ላይ ተጭኖ ውሏል። የፊት ነርቭ እዚያ ከቆዳው ሥር ቅርብ ነው። ልጠቱ ብቻ ከሆነ አውልቁለት፣ ይድናል። ከንፈሩ ከተንጋደደ ወይም የበላው ከአፉ ከወደቀ የእንስሳት ሐኪም ጥሩ። ቅቤ አትቀቡት!

ዝናብ ከመታው በኋላ ቋጠሮው አልፈታ አለ

የቃጫ ገመድ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ያጥራል። ጠዋት ሁለት ጣት ያስገባ የነበረ ማታ አንድም አያስገባ ይሆናል። በክረምት ቃጫ አትጠቀሙ።

ውርንጭላ

ራሱ በየሳምንቱ ያድጋል። አስራችሁት ከረሳችሁት ገመዱ ሥጋው ውስጥ ይገባል።

ወደ ኋላ ይጎትታል፣ ገመዱም አይበጠስም

ደጋግሜ የምጠራው ለዚህ ነው። ታሪኩም ሁሌ አንድ ነው። ሰውዬው ሰማያዊ የናይለን ገመድ ያገኛል፤ ያው የልብስ መስጫው። በአንገቱ ላይ ሸምቀቆ ያስርለታል። ሌላኛውን ጫፍ ብረት ላይ ይቋጥርና ቡና ሊጠጣ ይሄዳል። ከባድ መኪና ክላክስ ያደርጋል። ድንኩ ወደ ኋላ ይላል። ገመዱ ሲይዘው ይብስበታል፤ ማጅራቱን የያዘው ነገር ጅብ ይሁን ናይለን በምን ይወቅ? በቂጡ ይቀመጣል፣ ይወራጫል። ሸምቀቆው ደግሞ በጎተተ ቁጥር ይጠብቃል፤ ሲያቆምም አይላላም።

አንዱ ያሰረው ቆርቆሮ በር ላይ ነበር። ገመዱ አልተበጠሰም፣ በሩ ተነቀለ። ድንኩ በሩን እየጎተተ ሮጠ፤ በሩ እግሩን በመታው ቁጥር ይበልጥ ሮጠ። ስንይዘው የኋላ እግሩ በቆርቆሮ ተተልትሎ ነበር። ሌላው ደግሞ የቆመ ታክሲ የኋላ መከላከያ ላይ አሰረ። ታክሲ! ሹፌሩ ሳያይ ሞተር አስነሳ። ደግነቱ መንገዱ ተዘጋግቶ ስለነበር ከሰው እርምጃ አልፈጠነም። ረዳቱ በመስኮት ወጥቶ "ፈረስ አለ! ፈረስ አለ!" ሲል ሰው ሁሉ የቀለደ መስሎት ሳቀ።

ስለዚህ የሚላወስ ነገር ላይ አታስሩ። በር፣ ጋሪ፣ መኪና፣ አጥር ላይ የተቸነከረ እንጨት፣ ሁሉም ይላወሳል። በልጓም ደግሞ በጭራሽ አታስሩ። ብረቱ አፉ ውስጥ ነው፤ ወደ ኋላ ሲጎትት ምላሱንና መንጋጋውን ይሰብራል፣ ይቆርጣል። ይህን ለትልቅ ሰው መንገር ያሳፍረኛል፤ ግን በየዓመቱ እነግራለሁ።

መፍትሄው ደካማ ቦታ መሥራት ነው። የማዳበሪያ አፍ የሚሰፋበትን ሲባጎ ውሰዱ። ፈረሱ በሚታሰርበት የማይላወስ ብረት ላይ አንድ ዙር ብቻ አስራችሁ ገመዱን በብረቱ ሳይሆን በሲባጎው ዙር ውስጥ አሳልፉት። የፕላስቲክ ሲባጎ ከሆነ ጠንካራ ስለሆነ ለሁለት ሰንጥቁት። አፍሳሩ ራሱ ናይለን ከሆነ ከጆሮው ኋላ የሚያልፈውን ክፍል በቀጭን ቆዳ ቀይሩት። ሌላው ሁሉ ጠንካራ ይሁን፤ አንዱ ቦታ ይበጠስ። ገመዱ በትከሻው ቁመት ይታሰር፣ ርዝመቱ ክንድ ያህል ይሁን። ከረዘመ እግሩ ይገባበታል። ቋጠሮው እንደ ጫማ ክር ጫፉን ስትስቡት የሚፈታ ይሁን።

መርካቶ ሲባጎ ስገዛ ልጁ ሳብ ሳብ አድርጎ አየውና "ጋሼ፣ ይሄ ይበጠሳል፣ ጠንከር ያለውን ልስጥዎት?" አለኝ። "የሚበጠሰውን ነው የምፈልገው" ስለው ጓደኛውን ጠርቶ አሳየኝ።

"በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ በራሷ አሳጠረች" እያሉ የሚከራከሩኝ አሉ። ተረቱ ለበቅሎዋ ነው፤ ክርክራቸው ግን ከንቱ አይደለም። ስድስት ኪሎ አስፋልት ዳር ገመዱ ቢበጠስ ድንኩ የሚገባው መኪና መሀል ነው። መልሴ አንድ ነው፦ አስፋልት ዳር አይታሰርም። በሩ የተዘጋ ግቢ ካለ እዚያ በሲባጎ እሰሩት። ከሌለ ሰው በእጁ ይያዘው፤ ቡናው ይቆይ። የሚይዘውም ገመዱን እጁ ላይ አይጠምጥም፤ ጣት የሚያስቀር ነገር ነው።

አሁን እየጎተተ ካገኛችሁትስ? ፊት ለፊቱ ቆማችሁ አትጩሁ፣ በሱና በብረቱ መሀልም አትግቡ። በጎን ቀርባችሁ ቋጠሮውን ሳቡ። አልፈታ ካለ ቁረጡት። ሰንጢ ከኪሴ የማይለየኝ ለዚህ ነው።

አፍሳር ጨርሶ ከሌለስ?

ጣት የሚወፍር፣ ለስላሳ፣ ከ3 እስከ 4 ሜትር የሚሆን ገመድ ይበቃል። ቀጭን ገመድ ሥጋ ይቆርጣል። አንዱን ጫፍ በአንገቱ ዙሪያ አዙራችሁ ሲጎተት በማይጠብቅ ቋጠሮ እሰሩት። መጀመሪያ ክንዳችሁ ላይ አስራችሁ ሞክሩት፤ ስትስቡት ከጠበቀ ሸምቀቆ ነው፣ ፍቱት። ከዚያ ከአገጩ ሥር የተረፈውን ገመድ አጥፋችሁ በአንገቱ ዙር ውስጥ ወደ ፊት አውጡት፤ እጥፉን በአፍንጫው ላይ አልብሱት። ይህ ለመምራት ብቻ ነው። የአፍንጫው እጥፍ ሲሳብ ስለሚጠብቅ አይታሰርበትም፣ ተለብሶም አይታደርም። ጃንሜዳ ደርሳችሁ ግቢ ስታስገቡት አውልቁት።