የሸዋሮቢቱ ቤታችን በመጨረሻ ተነፈሰ

የእናቴ ቤት ሸዋሮቢት ነው። የድሮ የጭቃ ቤት፣ ቆርቆሮው ዝጎ የጠቆረ። ከቀትር በኋላ ውስጡ ምጣድ ነው። እኔ ደብረ ብርሃን ጋቢ ለብሼ ስለምኖር ነገሩ የገባኝ ዘግይቶ ነው።

መጀመሪያ የአቡጀዲ ኮርኒስ ወጠርን። ትንሽ ቀነሰ እንጂ ማታም ቤቱ አልበርድ አለ። ቬንትሌተሩማ ያንኑ ትኩስ አየር ነበር የሚያዞረው። አንድ ቀን ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ኮርኒሱን ገልጬ ጭንቅላቴን ባስገባ ፊቴን ለበለበኝ። ለካ ሙቀቱ መውጫ አጥቶ እዚያው ታፍኗል!

በጣሪያው ሁለት ጫፎች ከፍ አድርገን መተንፈሻ ከፈትን፤ ከታች ከክፈፉ ስር ደግሞ አየር መግቢያ። አይጥና የሌሊት ወፍ እንዳይገባ በወንፊት ሽቦ ሸፈንነው። ከዚያ ዝገቱን በብረት ብሩሽ ፍቀን፣ አንቲረስት (የዝገት መከላከያ ቀለም) ቀብተን፣ ነጭ የቆርቆሮ ቀለም ሁለት እጅ ደረብን። ነጭ ፀሐይን ይመልሳል፤ የጠቆረ ይውጣል። ከኮርኒሱ በላይ ጭድ እንጎዝጉዝ ያለም ነበር። የኤሌክትሪክ ሽቦ ባለበት? እሳት መጥራት ነው ብዬ እምቢ አልኩ። ግድግዳውን አልነካነውም፤ ወፍራም ጭቃ ሙቀት ቶሎ አያሳልፍም።

እማዬ አሁን ከሰዓት ቤት ውስጥ ቡና ታፈላለች። ቀለሙ አቧራ ሲይዝ ግን መታጠብ አለበት፤ ያ የኔ ሥራ ሆኗል።