ቦዩ ከመጠረጉ በፊት መሬቱን ያዙ፦ የካኞ ማርቲን ፔኛ ሰፈሮች አሠራር

ድሃ ሰፈር ሲጎሳቆል ብቻ ሳይሆን ሲሻሻልም ነዋሪው ይነቀላል። በፖርቶ ሪኮ ዋና ከተማ በሳን ሁዋን፣ በካኞ ማርቲን ፔኛ ቦይ ግራና ቀኝ የሚኖሩ ሰዎች ሥራቸውን የጀመሩት ይህን አውቀው ነው። ቦዩ የሳን ሁዋንን ወሽመጥ ከሳን ሆሴ ሐይቅ ጋር ያገናኛል፤ ርዝመቱ 6 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ምሥራቃዊ ክፍሉ በደለልና በቆሻሻ ስለተደፈነ ከባድ ዝናብ ሲጥል ፍሳሽ የተቀላቀለበት ውሃ ቤት ይገባል። ባንኮች የተደረደሩበት ሃቶ ሬይ ግን እዚያው አጠገብ ነው። ውሃው ሲጠራ የመሬቱ ዋጋ ይሰቀላል፤ እውነቱን ለመናገር ገዢን አርቆ ያቆየው ሽታው ነው። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ አይገለበጥም፤ መሬቱ ይቀድማል፣ ጠረጋው ይከተላል። ከዚህ በታች ያለው እዚያ የተሠራበት አካሄድና የሚሰናከልባቸው ቦታዎች ነው። ዓመቶቹና ቀኖቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ መሬቱ የማን እንደሆነ ይጣራ። ደሴቲቱ በ1898 ከስፔን ወደ አሜሪካ እጅ ከገባች በኋላ የስኳር ኩባንያዎች ሰፊ መሬት ጠቀለሉ። መሬት ያጣው ገበሬ፣ በተለይ ከ1928ቱና ከ1932ቱ አውሎ ነፋሶች በኋላ፣ ወደ ሳን ሁዋን ፈለሰ፤ በቦዩ ዳር ያለውን ማንግሮቭ የሚባል የባሕር ዳር ዛፍ የሚበቅልበትን ረግረግ በፍርስራሽና ባገኘው ሁሉ እየደለደለ ቤት ሠራ። በዚህ የተነሳ ብዙ ቤተሰብ የቤቱ ባለቤት ነው፣ ከሥሩ ያለው መሬት ግን የመንግሥት ነበር። ይህ ልዩነት ድክመት ቢመስልም ለጋራ ይዞታ በር የከፈተው እሱ ነው፤ መሬቱ በብዙ ግለሰቦች እጅ ተበታትኖ ቢሆን ኖሮ አንድ በአንድ መግዛት ግድ ይል ነበር። ስለዚህ በእያንዳንዱ መንገድ የትኛው ቁራሽ የክልሉ መንግሥት፣ የትኛው የማዘጋጃ ቤቱ፣ የትኛው የግለሰብ እንደሆነ በካርታ ላይ በቀለም ይለይ። የፖርቶ ሪኮ የንብረት መዝገብ ካሪቤ በሚባል ሥርዓት ዲጂታል ስለሆነ ማጣራቱ ከድሮው ይቀላል። ሆኖም መዝገቡና መሬት ላይ ያለው ሁልጊዜ አይገጥሙም፤ አጥር ወደ ጎረቤት ገብቶ ይገኛል፣ አንዱ ቁጥር ሁለት ቤት ይሸፍናል። ቀያሽ ከመጥራታችሁ በፊት ጎረቤቶቹን በድንበሩ አስማሙ፤ ያልተስማሙበት ልኬት እንደገና መለካቱ አይቀርም።

ከካርታው ጎን ለጎን ሰው ይደራጅ። እዚህ ላይ መቸኮል ነው ብዙውን የሚያበላሸው። በካኞው ከ2002 እስከ 2004 ከ700 በላይ የተሳትፎ ስብሰባዎችና እንቅስቃሴዎች ተካሂደዋል። ስምንቱ ሰፈሮች ጂ-8 የሚባል የጋራ ድርጅት አላቸው። አዳራሽ ውስጥ የሚጠራ አንድ ትልቅ ስብሰባ የሚሰበስበው ተናጋሪዎችን ነው፤ አልጋ ላይ ያሉ አዛውንት፣ የማታ ሠራተኛ፣ ከዶሚኒካን ሪፐብሊክ የመጣና ወረቀት የሌለው ተከራይ አይመጡም። ስለዚህ ውይይቱ ወደ መንገዱ፣ ወደ በረንዳው ይውረድ። ከ20 እስከ 30 ለሚሆኑ ቤቶች አንድ ተጠሪ ቢኖር ተጠሪው ሁሉንም በስም ያውቃል፤ ከዚያ ከበዛ ግን ሥራው ወረቀት መበተን ይሆናል። የቤት ለቤት ቆጠራ ሲደረግ ባለቤትና ተከራይ ይለዩ፤ ስንት ሰው እንደሚኖር፣ ቤቱ ከፍሳሽ መስመር ጋር መያያዝ አለመያያዙ፣ ውሃ እስከየት እንደሚደርስ ይመዝገብ። መታወቂያ ወይም የመኖሪያ ፈቃድ አይጠየቅ። አንድ ጊዜ ከተጠየቀ በሩ ይዘጋል።

ከዚያ በኋላ የይዞታው ዓይነት ይመረጣል፤ ምርጫው ደግሞ የነዋሪው እንጂ የጠበቃው አይደለም። የግል ሰነድ፣ የኅብረት ሥራና የመሬት ባለአደራ (መሬቱን ሳይሸጥ ለነዋሪው በጋራ የሚይዝ አካል) ጎን ለጎን ይቅረቡ። የግል ሰነድ መጀመሪያ ሁሉም የሚፈልገው ነው፣ ቢፈልገውም አይፈረድበትም። ጥያቄው ግን ቦዩ ከተጠረገ በኋላ ደላላ ጥሬ ገንዘብ ይዞ በር ሲያንኳኳ ምን ይሆናል የሚለው ነው። የተቸገረው ይሸጣል፣ የእሱ መሸጥ የጎረቤቱን መሬት ያስወድዳል፣ ሰፈሩ ከዳር ይበላል። ከ2012 ጀምሮ፣ አሁን ደግሞ በ2019 ሕግ ቁጥር 60፣ ከውጭ መጥተው በደሴቲቱ ለሚቀመጡ ባለሀብቶች ሰፊ የግብር እፎይታ ተሰጥቷል፤ ከግዴታዎቹ አንዱ በሁለት ዓመት ውስጥ ቤት መግዛት ነው። ስለዚህ ገዢው በሐሳብ ያለ ሰው አይደለም።

የካኞው ነዋሪዎች የመረጡት የመሬት ባለአደራን ነው። በ2004 የወጣው ሕግ ቁጥር 489 ሁለት አካላት ፈጠረ፤ ጂ-8 ሲጨመር ሦስት እግር ይሆናል። ኤንላሴ የመንግሥት ኮርፖሬሽን ነው፤ በጀት ይዞ ቦዩን፣ ፍሳሹንና ቤቶቹን ያስተባብራል፤ ዕድሜው የተወሰነ ነው። ፊዴይኮሚሶ የሚባለው ባለአደራ ደግሞ 200 ኩዌርዳ ገደማ፣ ማለትም ወደ 79 ሄክታር የሚሆን መሬት ለዘለቄታው ይዞ የሚቆይ ነው። ጂ-8 ሁለቱንም ይጠብቃል። ሦስቱን በአንድ ድርጅት ማጠቃለል ወጪ ይቀንሳል ተብሎ ቢቀርብ አትቀበሉ፤ መንግሥት ሲለወጥ ከበጀቱ ጋር መሬቱም ይሄዳል። የባለአደራው ቦርድ 11 አባላት አሉት፣ ብዙኃኑ ነዋሪዎች ናቸው። የደሴቲቱ አስተዳዳሪና ማዘጋጃ ቤቱም ወንበር አላቸው፤ መኖራቸው አይጎዳም፣ ድምፃቸው ግን ብቻውን ማሸነፍ የለበትም።

የውስጥ ደንቡን ለማጽደቅ እስከ 2008 ድረስ ወስዷል። ደንቡ ያለማወላወል መመለስ ያለበት የሚከተለውን ነው፤ መሬቱ አይሸጥም፣ ቤቱ ግን የቤተሰቡ ነው፣ ይወረሳል፣ ይሸጣልም። ሲሸጥ ባለአደራው የቅድሚያ ግዢ መብት አለው። ለዚህ የሚያገለግለው ዴሬቾ ዴ ሱፐርፊሲዬ የሚባለው መብት ነው፤ ከመሬቱ ባለቤትነት ተለይቶ በላዩ ላይ ሠርቶ መኖርን የሚፈቅድ ሲሆን፣ በኖታሪዮ፣ ማለትም በሰነድ አረጋጋጭ ፊት በይፋዊ ሰነድ ይፈረምና በንብረት መዝገብ ይገባል። በፖርቶ ሪኮ ኖታሪዮ የሚሆነው ጠበቃ ብቻ ስለሆነ የነጻ አገልግሎት የሚሰጡ የሕግ ትምህርት ቤቶችን ቀድሞ ማነጋገር ይጠቅማል።

ሰነዱ የሚዘገየው አብዛኛውን ጊዜ በውርስ ነው። ቤቱን የሠሩት አያት ሞተዋል፣ ልጆቹ ኦርላንዶና ኒው ዮርክ ተበትነዋል፣ አንዷ የልጅ ልጅ ውስጡ ትኖራለች። የወራሽነት ማረጋገጫ ሳይወጣ ሰነድ አይፈረምም። ስለዚህ በቆጠራው ጊዜ የወራሾች ስምና አድራሻ ይያዝ፤ ውክልናቸው ከቀብር ወይም ከጠብ በፊት ይሰበሰብ። ባልና ሚስት ሁለቱም ይፈርሙ። የመኖር ማስረጃ የሚሆኑ የቆዩ የመብራትና የውሃ ደረሰኞች አይጣሉ፤ ጎርፍ በሚገባበት ቤት ወረቀት ከወለል ላይ ስለሚጠፋ ቅጂው ከሰፈሩ ውጭ ሌላ ቦታም ይቀመጥ።

ሕግ ብቻውን እንደማያድን የታየው በ2009 ነው። ሕግ ቁጥር 32 መሬቱን ከባለአደራው ወስዶ ወደ መንግሥት አካላት መለሰው። ክርክሩ ፌዴራል ፍርድ ቤት ደርሶ መሬቱን አላስመለሰም። የመለሰው የ2013ቱ ሕግ ቁጥር 104 ነው፤ እሱም የወጣው ነዋሪው አራት ዓመት ሙሉ ሳይበተን በመቆየቱ ነው። እንዲህ ዓይነት ቀን ሲመጣ ስብሰባው የወር ልማድ ሆኖ ካልጠበቀ አዲስ ሰው ለመሰብሰብ ጊዜ የለም። በየዓመቱ አዲስ ተጠሪ ማሰልጠንና የወጣቶች ቡድን መያዝ ትርፍ ሥራ የሚመስለው ጸጥ ባለው ጊዜ ብቻ ነው።

ጠረጋው ራሱ በዋሽንግተን እጅ ነው። ኮንግረስ በ2007 ፈቀደ፣ 163 ሚሊዮን ዶላሩ የተመደበው ግን በ2022 ነው። የደሴቲቱ ሰው በኮንግረስ ውስጥ ድምፅ የሚሰጥ ተወካይ የለውም፤ ስለዚህ የጊዜ ሰሌዳ ሲነገራችሁ ዕቅዳችሁን በእሱ ላይ አትመሥርቱ። በመካከል ያለው ጊዜ ለፍሳሽ መስመር፣ ለሰነድና ለምትክ ቤት ይዋል። ቦዩን ለማስፋት የግድ መነሳት ያለባቸው ቤቶች አሉ። እነዚህ ቤተሰቦች መጀመሪያ የሚቀርብላቸው ምትክ እዚያው በሰፈሩ ውስጥ በባለአደራው መሬት ላይ ያለ ቤት ይሁን፤ ግምቱ የሚሰላውም ተመሳሳይ ቤት ለማግኘት በሚያስፈልገው ገንዘብ እንጂ በጎርፍ በተጎዳው ቤት የገበያ ዋጋ አይሁን። ምትኩ ቤት ሳይዘጋጅ አሮጌው አይፍረስ። ባዶ የሆነው ቤትም በቶሎ ካልፈረሰ የቆሻሻ መጣያ ይሆናል።

መስከረም 20 ቀን 2017 ማሪያ የተባለው አውሎ ነፋስ ሲመታ የፌዴራሉ የአደጋ ጊዜ ኤጀንሲ ፌማ ሰነድ የላችሁም ብሎ በደሴቲቱ በሺህ የሚቆጠሩ ማመልከቻዎችን ውድቅ አደረገ፤ በ2018 ግን ባለቤትነትን በቃለ መሐላ ማስረዳት የሚያስችል ቅጽ ወጣ። ስለዚህ ከአውሎ ነፋስ ወቅት በፊት፣ ማለትም ከሰኔ 1 በፊት፣ ሰነዱ ያላለቀለት ቤተሰብ ሁሉ ይህ ቅጽ ተሞልቶ፣ ከደረሰኞቹና ከጎረቤት ምስክርነት ጋር በአንድ ውሃ በማያስገባ ከረጢት ይዘጋጅ። ውድቅ የተደረገበት ሰው ይግባኝ ለማለት 60 ቀን አለው፤ የሚቆጠረውም ደብዳቤው ላይ ከተጻፈው ቀን ነው እንጂ እጁ ከገባበት ቀን አይደለም።