የልጅ ዕቃ ከበጎ አድራጎት ሱቅ ስትገዙ እነዚህን አታድርጉ

አሜሪካ ገና ለገባ ቤተሰብ ያገለገለ ዕቃ የሚሸጡት ጉድዊልና ሳልቬሽን አርሚ ትልቅ እፎይታ ናቸው። የምትከፍሉት ዶላርም ደግ ሥራ ላይ ይውላል፤ የጉድዊሉ ለሥራ ፈላጊዎች ሥልጠና፣ የሳልቬሽን አርሚው ለሱስ ማገገሚያ ማዕከላት። ስለዚህ ሂዱ፣ ግዙ።

ካር ሲት (የልጅ የመኪና መቀመጫ) ግን አትግዙ! ስንቴ ልበል? አንዲት ነፍሰ ጡር በ12 ዶላር የገዛችውን "እትዬ፣ ይዩት፣ አዲስ እኮ ነው!" ብላ አሳየችኝ። እውነትም ጨርቁ ታጥቦ ያበራል። ገልብጬ ከሥሩ የተለጠፈውን አነበብኩላት፤ የአገልግሎት ዘመኑ ልጅቷ አሜሪካ ሳትገባ አልቋል። የማሰሪያው አንዱ ጎንም ተልጧል። "ታዲያ ለምን ይሸጡታል?" አለች። ሰው የሰጣቸውን ነዋ! ብዙ የጉድዊል ቅርንጫፎች ካር ሲት ጭራሽ አይቀበሉም፤ አንዳንድ የቤተ ክርስቲያን ሱቅ ግን የመጣለትን ሁሉ ይደረድራል። አብዛኛው ካር ሲት ከተመረተ ከ6 እስከ 10 ዓመት ነው የሚያገለግለው። ከባድ ግጭት ያየ ከሆነ ደግሞ ስንጥቁ በዓይን ላይታይ ይችላል፤ ታሪኩን የሚነግራችሁ ሰው የለም። አዲስ ግዙ። ርካሹም ቢሆን የፌዴራሉን የደህንነት መስፈርት የማሟላት ግዴታ አለበት። ሜሪላንድ ውስጥ ሞንትጎመሪ ካውንቲ ያላችሁ፣ የእሳት አደጋ ሠራተኞቹ አገጣጠሙን በነፃ ያዩላችኋል።

ጎኑ ወደ ታች የሚንሸራተት የሕፃን አልጋም እንዲሁ። ጎኑ እየተነቀለ ሕፃናት ተጣብቀው ስለሞቱ እ.ኤ.አ. ከጁን 2011 ወዲህ ሽያጩ ክልክል ነው፤ የአልጋ ዙሪያ ትራሶችም በ2022 በወጣ ሕግ ታግደዋል። ሌላው ዕቃ ለአደገኛነቱ ከገበያ እንዲሰበሰብ የተባለ እንዳይሆን፣ የሞዴል ቁጥሩን እዚያው ቆማችሁ በስልካችሁ የሸማቾች ምርት ደህንነት ኮሚሽን ድረ ገጽ ላይ ፈልጉት።

የኮፍያው ገመድ የተንጠለጠለ ጃኬት ከወደዳችሁ ገመዱን መዝዛችሁ ጣሉ። የቆየ ቀለም የተቀባ የእንጨት መጫወቻ ሊድ የሚባል መርዛማ ብረት ሊኖረው ስለሚችል፣ ሁሉን አፉ ለሚከት ልጅ አይሆንም። ጫማ ሶሉን ገልብጣችሁ ሳታዩ አትግዙ።

ያገለገለ ዕቃ የሚሸጥ ሁሉ በጎ አድራጎት አይምሰላችሁ። ለበጎ አድራጎት ድርጅቶች የተለገሰ ዕቃ ከድርጅቶቹ ገዝተው የሚያተርፉ ኩባንያዎች አሉ፤ ነውር የለውም፣ ግን መርዳት ከፈለጋችሁ ጠይቁ።

ቅናሽ ያለው የትኛው ቀለም የዋጋ ቲኬት የተለጠፈበት ዕቃ እንደሆነም ቀድማችሁ ጠይቁ። ካሸር ጋ ደርሳችሁ "ቀንሱልኝ" አትበሉ፤ መርካቶ አይደለም፣ ብዙ ጊዜም ካሸሩ ዋጋ የመቀነስ ሥልጣን የለውም።