የመኪናው ሆትስፖት ይገናኛል፣ ኢንተርኔት ግን የለም፦ የፈታሁበት መንገድ

መኪናዬ ላይ የተገጠመው የአንድሮይድ ስክሪን የራሱ ሲም አለው። ካርታውም ሙዚቃውም በደንብ ይሠራሉ። ሆትስፖቱን ከፍቼ ስልኬን ሳገናኝ ግን ከዋይፋዩ ስም ሥር "ተገናኝቷል፣ ኢንተርኔት የለም" ይላል። ሦስት ቀን ለፋሁበት።

አጥፍቶ ማብራት፣ የይለፍ ቃል መቀየር፣ ከ5 ወደ 2.4 ጊጋኸርዝ ማውረድ፣ አንዱም ጠብ አላለልኝም። ስክሪኑን ወደ ፋብሪካ ሴቲንጉ መለስኩት፤ ያስቀመጥኳቸው አድራሻዎች ጠፉ እንጂ ለውጥ የለም። ይህን እናንተ አትሞክሩት።

ፍንጩን ያገኘሁት ስልኬ ላይ ነው። የዋይፋዩን ዝርዝር ስከፍት በ192.168.43 የሚጀምር አይፒ አድራሻ (የመሣሪያው የኔትወርክ መለያ ቁጥር) ከስክሪኑ ተሰጥቶታል። ስለዚህ ዋይፋዩ ጤነኛ ነው፤ ችግሩ ያለው ከስክሪኑ ወደ ሞባይል ኔትወርኩ በሚያልፈው መንገድ ላይ ነው።

ስክሪኑ ላይ ሴቲንግ፣ ሞባይል ኔትወርክ፣ ከዚያ አክሰስ ፖይንት ኔም (ኤፒኤን፣ ስክሪኑ በሲሙ ኢንተርኔት የሚያገኝበት ሴቲንግ) ገባሁ። የምጠቀምበትን ኤፒኤን ከፍቼ "ኤፒኤን ታይፕ" የሚለውን አየሁ። "ዲፎልት" እና "ኤስዩፒኤል" ብቻ ነው ያለው። መጨረሻው ላይ ኮማ፣ ከዚያ ያለ ክፍተት ዲ፣ ዩ፣ ኤን የሚሉትን ሦስት የእንግሊዝኛ ፊደላት በትንንሹ ጨመርኩ። ሴቭ አድርጌ ሞባይል ዳታውን አጥፍቼ አበራሁ። ሆትስፖቱን እንደገና ከፈትኩ። ስልኬ ወዲያው ኢንተርኔት አገኘ።

አንድሮይድ አንዳንድ ጊዜ ለሌላ መሣሪያ የሚጋራውን ኢንተርኔት ለብቻው ይለየዋል፤ ዲዩኤን የሚለው ዓይነት የተጻፈበት ኤፒኤን ካላገኘ አያሳልፍም። ኤፒኤኑ አልስተካከል ካላችሁ፣ በመደመር ምልክቷ አዲስ ክፈቱና የድሮውን እንዳለ ገልብጣችሁ ኤፒኤን ታይፑ ላይ ብቻ ሦስቱን ፊደላት ጨምሩበት።