ፎቶ ባነር ላይ ሲታተም ካሬ ካሬ እንዳይሆን ምን ማድረግ ይገባል?

ኮምቦልቻ የተነሣ የሠርግ ፎቶ ደሴ ፒያሳ ካለ ማተሚያ ቤት ደርሶ ሲታተም፣ በስልኩ ላይ ጥርት ብሎ የታየው የሙሽራዋ ፊት በካሬዎች ተሸንሽኖ የሚወጣበት ጊዜ አለ። ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የማተሚያ መሣሪያው አይደለም፤ ፎቶው ከስልክ ወደ ስልክ ሲላላክ ፒክስሎቹ (ፎቶው የተሠራባቸው ጥቃቅን ካሬዎች) ስለተቀነሱ ነው።

ዲጂታል ፎቶ እያንዳንዳቸው አንድ ቀለም ብቻ የያዙ የጥቃቅን ካሬዎች ድርድር ነው። ራስል ኪርሽና ባልደረቦቹ በ1957 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ወደ ኮምፒውተር ያስገቡት ፎቶ ወርዱም ቁመቱም 176 ፒክስል ብቻ ነበር፤ የዛሬ ስልክ ፎቶ ግን በረጅሙ ጎኑ 4000 ያህል ይይዛል። ፎቶው ሲለጠጥ እያንዳንዱ ካሬ ይሰፋል እንጂ ቁጥሩ አይጨምርም።

ስለዚህ በመጀመሪያ የፎቶውን ዝርዝር መረጃ ከፍተው ወርዱ ስንት ፒክስል እንደሆነ ይመልከቱ። ቀጥሎ የባነሩን ወርድ በሚሊሜትር ወስደው ለዚያ ቁጥር ያካፍሉ። 3 ሜትር ባነር ማለትም 3000 ሚሊሜትር ለ4000 ሲካፈል፣ አንዱ ካሬ 0.75 ሚሊሜትር ይሆናል። ጤናማ ዓይን 1 ሚሊሜትር የሆነን ካሬ ከ3 ሜትር ተኩል ገደማ አልፎ ለመለየት ስለሚቸገር፣ ይህ ባነር ከ3 ሜትር ርቀት ያለ እንከን ይታያል። ያው ፎቶ ወደ 1280 ፒክስል ከወረደ ግን ካሬው ከ2 ሚሊሜትር ይበልጣልና እስከ 8 ሜትር ድረስ ያስታውቃል። በእጅ ለሚገለጥ አልበም መስፈርቱ ይበልጥ ጥብቅ ነው፦ በ2.54 ሴንቲ ሜትር ውስጥ 300 ፒክስል ሊኖር ይገባል።

ፎቶውን በቴሌግራም ሲልኩ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ይላኩት፤ እንደ ፎቶ ከላኩት መጠኑ ይቀነሳል። ከስክሪን ላይ የተነሣ ቅጂም አይላኩ። የጦሳን ተራራ ከበስተጀርባ ለማስገባት በሁለት ጣት ማቅረብ ብዙውን ጊዜ የፎቶውን መሐል ቆርጦ ከመለጠጥ አይለይም (ተራራው እንደሆነ አይቀርብም)፤ ሙሽሮቹን ግን በእግር ተጠግቶ ማንሣት ይቻላል። ማጉያ ፕሮግራሞች ካሬዎቹን ቢያለሰልሱም የጠፋውን የቀሚስ ጥልፍ በግምት ይሞሉታል እንጂ አይመልሱትም።

ባነሩን ከማዘዝዎ በፊት የፊቱን ክፍል ብቻ በባነሩ ትክክለኛ ልክ በኤ4 ወረቀት ያሳትሙና ግድግዳ ላይ ለጥፈው፣ እንግዶች በሚቀመጡበት ርቀት ቆመው ይመልከቱት።