የቀድሞ አባላት የፍራተርኒቲ ቅርንጫፋቸውን የሚደግፉበት መንገድ
በአሜሪካ ኮሌጆች ፍራተርኒቲ የሚባሉት የወንድ ተማሪዎች ማኅበራት፣ ለምሳሌ በ1906 በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የተመሠረተው አልፋ ፋይ አልፋ፣ አባልነታቸው ከምረቃ በኋላም ስለሚቀጥል የቀድሞ አባላት ቅርንጫፋቸውን በብዙ መንገድ መርዳት ይችላሉ። ገንዘብ ከመላክዎ በፊት ተቀባዩ ማን እንደሆነ ያረጋግጡ፤ በቀጥታ ለቅርንጫፉ የሚሰጥ ስጦታ ግብር ከሚከፈልበት ገቢ ላይ አብዛኛውን ጊዜ የማይቀነስ ሲሆን፣ በበጎ አድራጎትነት ለተመዘገበው የማኅበሩ የትምህርት ፋውንዴሽን የሚሰጠው ግን ሊቀነስ ይችላል፤ ያም ገንዘብ ለነፃ ትምህርት ዕድልና ለአመራር ሥልጠና እንጂ ለድግስ አይውልም። በእኔ ግምት ግን ተማሪዎቹን ከገንዘቡ ይበልጥ የሚጎድላቸው ምክር ነው፤ ስለዚህ የሥራ ማመልከቻቸውን ያርሙላቸው፣ ከቀጣሪዎች ጋር ያገናኟቸው፣ የቅርንጫፉንም ሒሳብ ከገንዘብ ያዡ ጋር በየሴሚስተሩ ይመርምሩ። አዲስ አባላት ሲንገላቱ ካዩ፣ «በእኛም ጊዜ ነበር» ብለው ሳያልፉ ለኮሌጁና ለማኅበሩ ብሔራዊ ጽሕፈት ቤት ያሳውቁ።